በእንፋሎት ባቡር የመጓዝ የመጨረሻ ዓመታት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእንፋሎት ባቡር ተሳፍረው ያደጉ ሰዎች ትዝታቸውን ሲያወጉ ደጋግመው የሚያነሧቸው ነገሮች አሉ፤ ዓይን ውስጥ የገባ የከሰል ቅንጣት፣ የሚያንቀጠቅጥ የኋላ ፉርጎ፣ ባቡሩ ሲነሣ የሚያንገጫግጨው፣ ምክንያቱ ያልገባቸው ረጅም የጣቢያ ቆይታ። አንዱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱም የሚገኘው ሎኮሞቲቩ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች እነዚያን ትዝታዎች ከማሽኑ አሠራር ጋር ያያይዛሉ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንፋሎት መንገደኛ ባቡር መቼ አበቃ?

እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች በ1950ዎቹ ወደ ዲዝል ዞረው ጨረሱ፤ የድንጋይ ከሰል በማጓጓዝ ይተዳደር የነበረው ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ እስከ 1960 ቆየ። ብሪታንያ በ1968፣ ጃፓን በ1975፣ ምዕራብ ጀርመን በ1977 ተሰናበቱት። በሕንድ ሰፊው ሃዲድ ላይ እስከ 1995 ሠርቷል። በቻይና ውስጣዊ ሞንጎሊያ የጂቶንግ መስመር ደግሞ ትልልቆቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ተራራ ሲወጡ ታይተዋል።

«የመጨረሻው ባቡር» የሚል ነገር ስታነቡ ግን የምን መጨረሻ እንደሆነ ለዩ። በብሪታንያ በመደበኛ የጉዞ ሰሌዳ መሠረት የሄዱት የመጨረሻዎቹ የእንፋሎት መንገደኛ ባቡሮች የተንቀሳቀሱት ነሐሴ 3 ቀን 1968 ምሽት ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ነሐሴ 11 ቀን የተካሄደውን የስንብት ልዩ ጉዞ ነው፤ ከሊቨርፑል በማንቸስተር በኩል ወደ ካርላይል ደርሶ የተመለሰውን፣ ትኬቱ 15 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) የነበረውን። በጃፓንም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻውን መደበኛ መንገደኛ ባቡር ሲ57 135 የተባለው ሎኮሞቲቭ በሆካይዶ ከሙሮራን ወደ ኢዋሚዛዋ የጎተተው ታኅሣሥ 14 ቀን 1975 ሲሆን፣ የጭነቱ ከዚያ ቀናት በኋላ ቆመ፤ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀናጁት ደግሞ እስከ መጋቢት 1976 ቆዩ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ቀን ቢነግሯችሁ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ያህል ተወዶ ሳለ ለምን ተተወ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ነዳጅ ስለሚያባክን» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጥሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለውጠው ከመቶ 6 እስከ 8 ብቻ ነበር፤ ዲዝል ከ25 እስከ 30 ያደርሳል። ይሁን እንጂ ከሰል ርካሽ በሆነበት አገር ይህ ብቻውን ማንንም አያስቸኩልም ነበር። ያስቸኮለው የሰው ጉልበትና የሚባክነው ሰዓት ነው። ዲዝል ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ማታ አጥፍቶት ይተኛል። እንፋሎት ግን ባቡር ባይጎትትም ሰው ይፈልጋል፤ እሳት ጠባቂ፣ አመድ ጠራጊ፣ ቦይለር አጣቢ፣ ዘይት ቀቢ፣ ከሰል ጫኝ። በዚያ ላይ ሁለት ዲዝሎች ተያይዘው በአንድ ነጂ ይነዳሉ፤ ሁለት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከተያያዙ ግን ሁለት ነጂና ሁለት እሳት አንዳጅ የግድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደመወዝ ሲያድግና ወጣቶች ንጹሕ ሥራ ሲያገኙ፣ ዴፖዎቹ በሌሊት የሚሠራ ሰው አጡ።

ጠዋት ለሚነሣ ባቡር ዝግጅቱ መቼ ይጀመር ነበር?

ሎኮሞቲቩ ቀዝቅዞ ከነበረ በዋዜማው ማታ። ከቀዝቃዛ ቦይለር የሥራ ግፊት ላይ ለመድረስ ትልቅ ሎኮሞቲቭ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል፤ ለብዙ ቀናት ቆሞ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሥራ ክብሪት መጫር አይደለም፤ ነጂው በሚቆምበት ክፍል ያለውን የውሃ መለኪያ ብርጭቆ ማየት ነው። ውሃው በብርጭቆው ካልታየ እሳት አይለኮስም። ከዚያ በምድጃው በር አንገት አስገብቶ የቱቦዎቹ ጫፍና ግድግዳዎቹን የሚያያይዙት የብረት ዘንጎች ውሃ የሚያንጠባጥቡ መሆን አለመሆናቸውን መመርመር ያስፈልጋል። ከሰሉ በፍርግርጉ ላይ ሳስ ብሎ ይበተናል፤ በላዩ እንጨትና ዘይት የነካው ጨርቅ ተደርጎ ይለኮሳል። በዚህ ሰዓት ጭሱን ወደ ላይ የሚስብ ነገር ገና ስለሌለ ጭሱ በዴፖው ጣሪያ ሥር ይንሳፈፋል። ግፊቱ 2 ባር አካባቢ ሲደርስ ብሎወር የሚባለውን፣ በጭስ ማውጫው ሥር እንፋሎት የሚረጨውን ቀጭን ቧንቧ መክፈት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ በራሱ እንፋሎት እየተሳበ ይጋጋላል።

ቸኩሎ ማጋጋል ለምን አይቻልም? ቦይለሩ ብዙ ቶን ብረት ነው። በምድጃው በኩል ያለው ላሜራ ሲግል በሆዱ ሥር ያለው ውሃ ገና ለብ ያለ ነው። ብረቱ እኩል ካልተለጠጠ የቱቦዎቹ ጫፍ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ የሚያያይዙት ዘንጎችም ይሰበራሉ። የአንድ ሌሊት ጥድፊያ የሳምንታት ጥገና ያስከትላል።

ነጂውና እሳት አንዳጁ ሲደርሱ ለቅድመ ዝግጅት 1 ሰዓት ገደማ ይሰጣቸዋል። ነጂው ረጅም አፍ ያለው የዘይት ዕቃ ይዞ ከሥር ይገባል፤ ዘንጎቹ የሚጋጠሙባቸውን ቦታዎችና ኩሽኔታዎችን አንድ በአንድ ይሞላል። ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው የሚወርደው በሱፍ ክር ጠብታ በጠብታ ስለሆነ፣ ክሩ ቆሽሾ ወይም ወጥቶ ከሆነ ጥፋቱ የሚታወቀው 50 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ነው፤ ኩሽኔታው ይግላል፣ የውስጡ ነጭ ብረት ቀልጦ ይፈስሳል፣ ባቡሩም ሌላ ሎኮሞቲቭ እስኪመጣ በመንገድ ይቆማል። እሳት አንዳጁ ደግሞ ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚያስገቡትን ሁለቱንም ኢንጀክተሮች ይሞክራል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ካልሠራ ሎኮሞቲቩ ከዴፖ መውጣት የለበትም። የአሸዋ ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው አሸዋ ደረቅ መሆኑም ይታያል፤ የረጠበ አሸዋ ከቱቦው አይወርድምና።

ሲመለሱ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። በፍርግርጉ ላይ ቀልጦ የተጋገረውን ዝቃጭ በረጅም ብረት ሰብሮ ማውጣት፣ ከሥር ያለውን አመድ መጥረግ፣ ከፊት ያለውን ክብ በር ከፍቶ የተከመረውን ደቃቅ ከሰል በአካፋ ማውጣት፣ ከሰልና ውሃ መሙላት፣ ሎኮሞቲቩን በማዞሪያው ላይ ማዞር። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ቡሾኖቹ ተፈትተው በውሃ ግፊት ይታጠባል። ውሃው ኖራ የበዛበት አገር ከሆነ ይህ ሥራ ከተዘለለ ቅርፊቱ ቱቦዎቹን ይሸፍናል፤ ሙቀቱ ወደ ውሃው አይሻገርም፤ ብረቱም ይቃጠላል።

በአንድ ጉዞ ስንት ከሰልና ስንት ውሃ ይጠፋል?

ፈጣን መንገደኛ ባቡር የሚጎትት ትልቅ ሎኮሞቲቭ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ኪሎ ግራም ከሰልና ከ100 እስከ 110 ሊትር ውሃ ይፈጃል። 1 ኪሎ ከሰል 8 ሊትር ገደማ ውሃ ያተናል ማለት ነው። በ160 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይህ ከ2 ቶን በላይ ከሰል ይሆናል። አንድ አካፋ 6 ኪሎ ቢይዝ እሳት አንዳጁ 350 ጊዜ ያህል ይዝቃል፤ ያውም በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ፣ በየጊዜው የምድጃውን በር እየከፈተና እየዘጋ። በሩ ክፍት በቆየ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ቱቦዎቹን ስለሚጎዳ ጥሩ እሳት አንዳጅ የሚታወቀው በፍጥነቱ ሳይሆን በአጣጣሉ ነው፤ ከሰሉን በግድግዳዎቹ ዳርና በኋላ ማዕዘኖች ወፈር፣ በመሐል ሳሳ አድርጎ ይበትናል። በመሐል ከተከመረ አየር አያሳልፍም፤ ከሥሩ ይጋገራል፤ ግፊቱም ይወርዳል።

በአሜሪካ እንደነበሩት ፍርግርጋቸው በጣም ሰፊ የሆኑትን ግን የሰው ክንድ አይችላቸውም፤ ከሰሉን በብረት ጠመዝማዛ ገፍቶ በእንፋሎት የሚበትን መሣሪያ ነበራቸው።

ባቡሩ ሰው ሳይወርድና ሳይሳፈር በአንዳንድ ጣቢያ ረጅም ጊዜ የሚቆመው ለምን ነበር?

በአብዛኛው ለውሃ። ከሰሉ ሳያልቅ ውሃው ያልቃል። ከሎኮሞቲቩ ጀርባ የሚጎተተው ታንክ 18,000 ሊትር ቢይዝ፣ ባለፈው መልስ ባለው ስሌት ከ160 እስከ 180 ኪሎ ሜትር ብቻ ያስኬዳል፤ ጥንቃቄ ሲታከልበት ከዚያም ያነሰ። ቱቦውን ጎትቶ ማስገባት፣ መሙላትና መመለስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያው ነጂው ወርዶ ኩሽኔታዎቹን በእጁ ጀርባ እየነካ መጋላቸውን ይፈትሻል።

በብሪታንያ ለዚህ ሌላ መላ ተገኝቶ ነበር። በ1860 የባቡር መሐንዲሱ ጆን ራምስቦተም በሰሜን ዌልስ በሃዲዶቹ መሐል ረጅም ገንዳ አስዘረጋ። ከታንኩ ሥር የሚወርድ ማንኪያ መሰል ቧንቧ ባቡሩ እየሮጠ ውሃውን ይዝቀዋል። ገንዳዎቹ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ መሬቱም ፍጹም ሜዳ መሆን አለበት። በአንድ ማለፍ 9,000 ሊትር አካባቢ መሙላት ይቻል ነበር። እሳት አንዳጁ ማንኪያውን ለማንሣት ከዘገየ ታንኩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በመጀመሪያው ፉርጎ መስኮት ከፍቶ የተቀመጠ መንገደኛም ይታጠባል። በ1928 ከለንደን ኤዲንብራ 632 ኪሎ ሜትር ሳይቆም የሚሄድ ባቡር የተጀመረው በእነዚህ ገንዳዎች ምክንያት ነው፤ በከሰልና ውሃ ተጎታቹ ጎን በተሠራች 46 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላት መተላለፊያ ነጂዎች እየሄዱ ሳለ ይቀያየሩ ነበር።

ዓይን ውስጥ የሚገባው ጥቁር ነገር ምን ነበር? ልብስስ ለምን ይበሳ ነበር?

ጥላሸት ብቻ አልነበረም። ሲሊንደሩን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሥር በጠባብ አፍ በኃይል ሲወጣ ጭሱን አብሮ ይስባል፤ እሳቱን የሚያናፋውም ይኸው ነው። ሎኮሞቲቩ ዳገት ላይ በከበደው ቁጥር ሳቡ ይበረታል፤ ያን ጊዜ ገና ያልተቃጠሉ ደቃቅ የከሰል ቅንጣቶች ከፍርግርጉ ተነሥተው በቱቦዎቹ አልፈው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ገና ፍም ናቸው፤ ልብስ የሚበሱት እነሱ ናቸው። በበጋ በሃዲዱ ዳር ያለ ደረቅ ሣር የሚቃጠለውም በእነሱ ነበር። ስለዚህ ዳገት ላይ ከመስኮት አንገት ማውጣት ከሜዳው ይልቅ የከፋ ነው።

የጭሱ ቀለምም ይናገራል። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ከሰል በዝቶበታል፤ ነዳጅ እየባከነ ነው። በደንብ የሚነድ እሳት የሚያወጣው ስስ ግራጫ ነው። ነጩ ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው፤ በብርድ ቀን የሚገዝፈውም ቶሎ ወደ ውሃ ጠብታ ስለሚለወጥ ነው። ብዙዎቹ ዝነኛ ፎቶግራፎች በክረምት የተነሡት ለዚህ ነው።

ዛሬም በቅርስነት በሚሄዱ ባቡሮች ላይ ቅንጣት ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት፤ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ይቧጭራል። በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ ካልወጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሲነሣ ለምን ያ ሁሉ ነጭ ደመና ከሥር ይወጣ ነበር? ለምንስ ያንገጫግጫል?

ሎኮሞቲቩ ሲቆም በሲሊንደሮቹ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ቢገፋው የሲሊንደሩን ክዳን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ነጂው በመጀመሪያዎቹ የጎማ ዙሮች የማፍሰሻ ቧንቧዎቹን ይከፍታል፤ ውሃውና እንፋሎቱ በሁለቱም ጎን እየጮኸ ይወጣል። መድረኩ ላይ የቆመውን ሸኚ የሚሸፍነው ደመና ይኸው ነው።

ማንገጫገጩ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው በፉርጎዎቹ ማያያዣ መሐል ያለው ልልነት ነው፤ ጥሩ ነጂ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጥረዋል፣ ከዚያ ይስባል። ሁለተኛው መንሸራተት ነው፤ ሃዲዱ ጤዛ፣ ዘይት ወይም የረገፈ ቅጠል ካለበት ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ የጭስ ማውጫው ድምፅ በድንገት እንደ መትረየስ ይፈጥናል። ነጂው እንፋሎቱን ወዲያው ዘግቶ፣ አሸዋ ረጭቶ እንደገና ይከፍታል። ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ አሸዋ ከተረጨ ድንገተኛው መያዝ ዘንጎቹን ያጣምማል። መጀመሪያ መዝጋት፣ ከዚያ አሸዋ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

የኋላው ፉርጎ ለምን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር?

ማሞቂያው ራሱ እንፋሎት ስለነበረ። ከቦይለሩ ግፊቱ ወደ 3 ባር አካባቢ ዝቅ ተደርጎ ከፉርጎዎቹ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ይሄዳል፤ በየፉርጎው መጋጠሚያ በተጣጣፊ ቱቦ ይቀጥላል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ያፈስሳል፤ በየመንገዱም እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። 12 ፉርጎ ባለው ባቡር መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ለብ ያለ ነገር ነው። ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ ሎኮሞቲቩ ተያይዞ ካልሞቀ ደግሞ መንገደኛው የሚሳፈረው በበረዶ ቤት ነው።

ከሽግግሩ ታሪክ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዲዝሎቹ ሲመጡ ፉርጎዎቹ ያው የእንፋሎት ማሞቂያ ያላቸው ነበሩ። ስለዚህ ዲዝሉ ባቡር ለመጎተት የማይፈልገውን ቦይለር፣ ከውሃ ታንክና ከነዳጅ ማቃጠያ ጋር፣ ለማሞቂያ ብቻ በሆዱ ይዞ መዞር ነበረበት። ያ ትንሽ ቦይለር ከዋናው ሞተር ይልቅ አስቸጋሪ ነበር፤ እሳቱ ይጠፋል፣ ቱቦው በኖራ ይደፈናል፣ ውሃው መሐል መንገድ ላይ ያልቃል። «ዲዝል ከመጣ በኋላ ባቡሩ ይበልጥ ቀዘቀዘ» የሚሉ አዛውንቶች አልተሳሳቱም። ችግሩ የተፈታው ማሞቂያው ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር ነው።

መብራቱስ ባቡሩ ሲቆም የሚደበዝዘው?

መብራቱ ከሎኮሞቲቩ አይመጣም ነበር። በየፉርጎው ሥር ከጎማው ዘንግ ጋር በቺንጊያ የተያያዘ ዲናሞ አለ፤ ሲሄድ ባትሪ ይሞላል፤ ሲቆም መብራቱ በባትሪ ይቀጥላል። ባትሪው ካረጀ ወይም ቺንጊያው ከላላ ይደበዝዛል፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ያ ፉርጎ ብቻውን ይጨልማል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባቡሮቹ ቆሻሻና ዘግይተው የሚደርሱ የነበሩት ለምንድን ነው? የእንፋሎት ባሕርይ ነው?

አይደለም፤ ይህን በጥብቅ እንለያለን። በ1960ዎቹ የብሪታንያን የእንፋሎት ባቡር ያየ ሰው ያየው የሚሰናበትበት ቀን የተቆረጠለት ማሽን ነው። በሌሎችም አገሮች ነገሩ ተመሳሳይ ነበር።

አንድ ሎኮሞቲቭ በቅርቡ እንደሚወገድ ከተወሰነ ገንዘብ አይወጣበትም። የብሪታንያ ባቡር ድርጅት የመጨረሻውን ከባድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጥገና ክሩ በምትባለው ከተማ ያጠናቀቀው በየካቲት 1967 ነው፤ ሎኮሞቲቩም 70013 ኦሊቨር ክሮምዌል ይባላል። ከዚያ በኋላ ቦይለሩ ያፈሰሰ ወይም ሲሊንደሩ የተሰነጠቀ ሁሉ አይጠገንም፤ ገለል ተደርጎ ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ደግሞ ፊቱን እንፋሎት ይሸፍነዋል፤ ነጂው ምልክቱን ማየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቀስ ይላል፤ ይዘገያል።

ሌላው ጽዳት ነው። ሎኮሞቲቭ ማጽዳት ድሮ የሙያው በር ነበር። ልጁ በጠራጊነት ይገባል፣ እሳት አንዳጅ ይሆናል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይነዳል። ሙያው ራሱ እንደሚያበቃ ሲታወቅ በዚያ በር የሚገባ ጠፋ። የጸዳ ሎኮሞቲቭ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ዘይትና ጥላሸት በተጋገረበት ብረት ላይ ስንጥቅ አይታይም። የስም ሰሌዳዎቹ እንዳይሰረቁ ተነቅለው በቦታቸው ባዶ ብረት ቀረ። ውሃ መሙያዎችና ማዞሪያዎች ሎኮሞቲቮቹ ሳያልቁ ይነሡ ስለነበር፣ አንዳንዱ ወደ ኋላው እየተገፋ፣ ነጂው የከሰል አቧራ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ይነዳ ነበር።

ማሽኑ በራሱ ያረጀ እንዳልነበረ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ኢቭኒንግ ስታር ነው፤ በመጋቢት 1960 ከስዊንደን የወጣ፣ ለብሪታንያ ባቡር ድርጅት የተሠራ የመጨረሻው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ። ለአሥርተ ዓመታት እንዲያገለግል ተሠርቶ በ1965 ተወገደ። በሰኔ 1967 ደግሞ፣ ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው መስመር ወደ ኤሌክትሪክ ሊቀየር ቀናት ሲቀሩት፣ እንክብካቤ በተነፈጉት በእነዚያው ሎኮሞቲቮች በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሮጡ ነጂዎች ነበሩ።

አደገኛ ነበር?

ትልቁ አደጋ የውሃ ማነስ ነው። በ15 ባር ግፊት ውሃው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የምድጃው ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ ከተራቆተ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፣ ግፊቱም ወደ ታች ይቀድደዋል። የተለቀቀው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ለዚህ መከላከያ በጣሪያው ላይ መሐሉ እርሳስ የሆነ ቡሎን ይታሰራል፤ ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎት ወደ ምድጃው ይረጫል፤ ሠራተኞቹን ያስጠነቅቃል። ለመንገደኛው ይህ አደጋ እጅግ ብርቅ ነበር፤ ይበልጥ የተጎዱት ነጂና እሳት አንዳጅ ናቸው።

ዋሻ ሌላው ነው። ነጂው ዋሻ ውስጥ እንፋሎቱን ከዘጋና ብሎወሩን ካልከፈተ፣ የሚገፋው አየር በጭስ ማውጫው ገብቶ ነበልባሉን በምድጃው በር ወደ ሠራተኞቹ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከዋሻ በፊት ብሎወር መክፈት እንደ ጸሎት የማይዘለል ልማድ ነበር። መንገደኛው የሚያስታውሰው ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ መስኮት ሲዘጋ ነው።

ከፉርጎ ውስጥ ሆኖ ፍጥነቱን ማወቅ ይቻል ነበር?

በትክክል። ሃዲዱ ሳይበየድ በቡሎን በሚያያዝበት ዘመን፣ በየመጋጠሚያው «ቀጭ» የሚለውን መቁጠር ነው። የአንዱ ሃዲድ ርዝመት 18.3 ሜትር ከሆነ በ66 ሴኮንድ ውስጥ የተቆጠረው ቁጥር በሰዓት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ሃዲዱ 12 ሜትር ከሆነ 43 ሴኮንድ ይቁጠሩ። በሌላ ርዝመት ከሆነ ሜትሩን በ3.6 ማባዛት ብቻ ነው፤ የሚቆጠርበት ሴኮንድ ይወጣል።

በሎኮሞቲቩ ትንፋሽም ይቻላል፤ ግን በዝግታ ሲሄድ ብቻ። ሁለት ሲሊንደር ያለው በአንድ የጎማ ዙር 4 ጊዜ ይተነፍሳል። ጎማው 1.88 ሜትር ቁመት ካለው በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 4 ነው፤ በ100 ላይ 19 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጆሮ የሚሰማው አንድ ወጥ ጉርምርምታ ነው። ሦስት ሲሊንደር ያለው 6 ጊዜ ስለሚተነፍስ ድምፁ ለስለስ ይላል፤ የቆየ የድምፅ ቅጂ ስትሰሙ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳችኋል።

የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የቆየ ትኬት አለን፤ ዘመኑን እንዴት እናውቃለን?

ከትኬቱ እንጀምር። 57 በ30 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችው ወፍራም የካርቶን ትኬት ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቶማስ ኤድመንድሰን ያስፋፋት ናት፤ በብዙ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ስላገለገለች ቅርጿ ብቻውን ዘመን አይነግርም። የሚነግረው ማዕረጉ ነው። በብሪታንያና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሦስተኛ ማዕረግ የቀረው በሰኔ 1956 ነው፤ በጃፓን በ1960። «ሦስተኛ» የሚል ትኬት ከዚያ በፊት የተቆረጠ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ በቀለም ሳይሆን በደረቅ ማኅተም ተጨፍልቆ ጫፉ ላይ ስለሚገኝ፣ በእጅ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ይታያል።

በፎቶግራፉ ላይ ቁጥሩን ይፈልጉ። ከ1948 በኋላ በብሪታንያ ባለ አምስት አኃዝ ሆኖ በ3 የሚጀምረው ከደቡብ፣ በ4 የሚጀምረው ከለንደን ሚድላንድና ስኮቲሽ፣ በ6 የሚጀምረው ከለንደንና ሰሜን ምሥራቅ ከሚባሉት የቀድሞ የባቡር ኩባንያዎች የተወረሰ ነው፤ ከ70000 በላይ ካሉት አብዛኞቹ ድርጅቱ ራሱ ያሠራቸው ናቸው። በነጂው ክፍል ጎን ላይ በሰያፍ የተሠመረ ቢጫ መሥመር ካለ ፎቶው ከ1964 አጋማሽ በኋላ ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ሎኮሞቲቩ ከክሩ በስተደቡብ ባለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት ነበር።

ቁጥር ካልታየ ጎማዎቹን ይቁጠሩ (በአንድ ጎን የታየውን በእጥፍ)፤ ከፊት ትንንሾቹን፣ ከመሐል ትልልቆቹን፣ ከኋላ ትንንሾቹን። 4፣ 6፣ 2 ከወጣ ፓስፊክ የሚባለው የፈጣን መንገደኛ ባቡር ዓይነት ነው።

አዛውንቶችን ምን ብለን እንጠይቃቸው?

«ስለ ባቡሩ ንገሩን» ቢሏቸው የሚመጣው አጠቃላይ ናፍቆት ነው። ማሽኑን የሚነካ ጥያቄ ያቅርቡ። መስኮቱ የሚከፈተው በምን ነበር፤ በቆዳ ማንጠልጠያ ወይስ በእጀታ? ባቡሩ ውሃ የሚሞላው የት ነበር፤ ስንት ጊዜ ይቆም ነበር? ዳገት ላይ ከኋላ የሚገፋ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይታከል ነበር? ብርድ የበዛው ከፊት ነው ከኋላ? ጭሱ የሚመጣው በየትኛው ጎን ነበር? ከዲዝሉ በፊትና በኋላ የጉዞው ሰዓት ስንት ሆነ? እንዲህ ሲጠየቁ ያልጠበቁትን ያስታውሳሉ። ስልኩን ከአፋቸው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው ለስላሳ ነገር ላይ ያስቀምጡት፤ ጠንካራ ጠረጴዛ የእጅ ኳኳታ ሁሉ ያቀብላል። በመጀመሪያ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ስም፣ ቀኑንና መስመሩን በድምፅ ይናገሩ፤ ፋይሉ ስሙ ቢጠፋበት እንኳ ይታወቃል።

ዛሬ የት መሳፈር ይቻላል? የትስ መቀመጥ ይሻላል?

በሕንድ የዳርጂሊንግ ተራራ ባቡር 610 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠባብ ሃዲድ ላይ አለ፤ ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጀርመን የሐርዝ ተራሮች እንፋሎት እስከ ብሮከን አናት፣ 1,125 ሜትር ድረስ ይወጣል። በፖላንድ ቮልሽቲን ከ2014 እስከ 2017 ተቋርጦ ከቆየ በኋላ ተራ መንገደኛ በእንፋሎት መጓዝ እንደገና ጀምሯል። በኤርትራ ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር ከነጻነት ጦርነቱ በኋላ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ጭምር ተጠርተው ዳግም ተሠርቷል፤ እዚያ ያሉት ማሌት የሚባሉት ሎኮሞቲቮች ሁለት የጎማ ክፍል ስላላቸው ጠባቡን መታጠፊያ ይችሉታል። በብሪታንያ በቅርስነት የሚሠሩት ብዙዎቹ የተረፉት በዌልስ ባሪ ከነበረ የብረታ ብረት ግቢ ነው፤ ባለቤቶቹ አሮጌ ፉርጎዎችን መቆራረጥ ስላስቀደሙ 213 ሎኮሞቲቮች ተገዝተው ወጥተዋል።

ድምፁን ለመስማት ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ይመረጣል፤ ጥላሸቱ ግን እዚያ ነው የሚበዛው። ለፎቶ ከኋላ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይሻላል፤ በመታጠፊያ ላይ ሎኮሞቲቩ ከነጭሱ ይታያል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ መነሻ ጣቢያው ላይ የጭሱን አቅጣጫ አይተው ተቃራኒውን ጎን ይያዙ። ናይለን ሳይሆን ጥጥ ይልበሱ፤ ፍም ቢያርፍበት አይቀልጥም። መነጽር ያድርጉ፤ አንገትዎን ከመስኮት አያውጡ፤ የምልክት ምሰሶዎችና የድልድይ ግድግዳዎች ከሚገመተው በላይ ቅርብ ናቸው።